«ጋሼ፣ ተሳስተዋል» ለማለት የፈጀብኝ ሁለት ዓመት

ማክሰኞ ዕለት ኢሜይሉ ሲደርሰኝ ሃርልስደን ላይ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነበር። በአንድ እጄ ብረቱን ይዣለሁ፣ በሌላው ስልኬን። «ከዛሬ ጀምሮ የማከፋፈያ ጣቢያ መከላከያዎችንና የመገናኛ መስመሮቻቸውን ፈትሸሽ በራስሽ ፊርማ ማስረከብ ትችያለሽ» ይላል። ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ ጮህኩ። ትንሽ ጩኸት እንዳይመስላችሁ፤ ሹፌሩ በመስታወቱ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ደንግጠው «ምን ሆንሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «ፈርሚ ተባልኩ!» አልኳቸው። ምን እንደምፈርም አልገባቸውም፤ ግን እጄን ጨብጠው «በርቺ» አሉኝ።

ወርጄ እማዬ ጋ ደወልኩ። «አውቄው ነበር» አለች። አላወቀችም፤ ጠዋት ስወጣ ሦስት ጊዜ አማትባ ነው የሸኘችኝ።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የሥራ ዘመን ትዝታዋን ጻፈች ቢባል አጎቴ በሳቅ ይሞታል። እውነቱን ነው፤ ጡረታ የወጣሁት እኔ አይደለሁም። ጡረታ የወጡት አስተማሪዬ ጋሽ በየነ ናቸው፣ ባለፈው ዓርብ። ይጽፋሉ ብዬ ቆንጆ ደብተር ገዝቼ ሰጠኋቸው። ገለጥ ገለጥ አድርገው መልሰው ሰጡኝ። «እኔ ዕድሜዬን ሪፖርት ስጽፍ ነው የኖርኩት። አንቺ ጻፊው። ደግሞ በአማርኛ» አሉኝ። እኔ እዚህ ለንደን ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ አማርኛ መጻፍ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባ እስካሁን እማዬን እጠይቃለሁ። ግን ይኸው መጻፍ ችያለሁ! ደግሞስ የተለማማጅነት ዘመኔ አልቆ የለ? እኔም ከአንድ ነገር ጡረታ ወጥቻለሁ ማለት ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ሂትሮው አጠገብ ለአውሮፕላኖች ምግብ የሚያዘጋጅ ኩሽና ውስጥ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ። እማዬ እዚያው ነበር የምትሠራው፣ እሷ ናት ያስገባችኝ። ትሪ ላይ ሹካ፣ ቢላ፣ ናፕኪን፣ ቅቤ፣ ዳቦ መደርደር ነው። ደመወዙ ለስልኬ ይበቃ ነበር። እዚያ አንድ ነገር ብቻ ተማርኩ፦ ሦስት መቶ ትሪ በፍጥነት ብትደረድሪም መኪናው የሚንቀሳቀሰው የመጨረሻዋ ትሪ ስትገባ ነው።

ከዚያ የኤሌክትሪክ መከላከያ ፈታሾች ተለማማጅ ይፈልጋሉ የሚል ማስታወቂያ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ አየሁና አፕላይ አደረግኩ። ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ሶኬትና ቢል ነበር። ኢንተርቪው ላይ የክፍሉ ኃላፊ ዴኒዝ «አለቃሽ ሲሳሳት ብታዪ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። «እነግረዋለሁ!» አልኩ ቶሎ ብዬ። የዋሸሁ አልመሰለኝም ነበር።

ሥራው ምን መሰላችሁ? ማከፋፈያ ጣቢያ ማለት ያ በአጥር ተከቦ ሁላችንም ሳናየው የምናልፈው ግቢ ነው። ከፍተኛ ኃይል ይቀበላል፣ ዝቅ ያደርግና ወደየሰፈሩ ይልካል። መሬት ውስጥ ያለ ኬብል ቢመታ፣ ሰው ሳይጎዳ፣ እሳት ሳይነሳ ኃይሉ መቆረጥ አለበት። ችግሩን የሚያየው መሣሪያ ሪሌይ ይባላል፤ ኃይሉን የሚቆርጠው ብሬከር። ድሮ በሁለቱ መካከል የመዳብ ሽቦ ነበር። በአዲሶቹ ዲጂታል ጣቢያዎች ግን ሁሉም ነገር በፋይበር፣ ብርሃን በሚያሳልፍ የመስታወት ክር፣ የሚሄድ መልእክት ሆኗል። መለኪያው በሰከንድ አራት ሺህ ጊዜ «አሁን ይህን ያህል ነው፣ አሁን ይህን ያህል ነው» እያለ ይልካል። ሪሌዩ ያነባል፤ ያላማረው እንደሆነ «ቁረጥ!» ብሎ ለብሬከሩ ይልካል። እንግዲህ «ቁረጥ» የምትለዋ መልእክት መንገድ ላይ ከዘገየች ወይም ከጠፋች መከላከያ የለም ማለት ነው። እኛ መንገዱን ነው የምንፈትሸው።

ጋሽ በየነ አዲስ አበባ መብራት ኃይል የሚሠሩ ወጣት ቴክኒሽያን ነበሩ። ለንደን በስደተኝነት መጥተው፣ መጀመሪያ ሕንፃ ሲጠብቁ፣ ከዚያ እንደገና ሲማሩ ቆይተው ወደ ሙያቸው ተመለሱ። አማርኛቸው ከአገር በወጡበት ዘመን ቆሟል፤ ዴኒዝ ጥሩ ነገር ስትሠራ «ጓድ ዴኒዝ» ይሏታል። እሷም ማዕረግ መስሏት ደስ ይላታል።

ልማዳቸው ብዙ ነው። የፋይበር ጫፍ ሳይጠርጉና በትንሿ ማጉያ ሳያዩ አይሰኩም፤ አሁን ነቅለውት አሁን ሊመልሱት ቢሆን እንኳ ይጠርጋሉ። «አቧራዋ እኮ ከአንቺ አታፍርም፤ አንድ ሰከንድ ይበቃታል» ይላሉ። የኬብል ስም በሁለቱም ጫፍ በራሳቸው እጅ ይጽፋሉ። ስክሪን ሲያነቡ ማንም አያናግራቸውም። ከሁሉም በላይ ግን «ፈጣን» የሚለውን ቃል አይወዱም። የመጀመሪያ ሳምንቴ ላይ «ኔትዎርኩ በጣም ፈጣን ነው፣ አማካዩ…» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«አማካዩን ለጋዜጣ ንገሪያቸው። በጣም የዘገየችው ስንት ቆየች?»

«አንዷ ብቻ ናት እኮ ጋሼ፣ ከሚሊዮን መልእክት…»

«ኬብሉ የሚቃጠለው በእሷ ጊዜ ቢሆንስ?»

የመጨረሻዋ ትሪ ትዝ አለችኝና ሳቅኩ። ነገርኳቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ «እናትሽ ኩሽና ውስጥ የኔን ሙያ ስታስተምርሽ ነበር» አሉ። ያን ቀን ሥራውን ወደድኩት።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልግባ።

ሪሌይ ስንፈትሽ መጀመሪያ የሙከራ ሁኔታ ውስጥ እናስገባዋለን። ያኔ የሚልከው ትእዛዝ ሁሉ «ይህ ሙከራ ነው» የሚል ምልክት ስላለበት ብሬከሩ አይታዘዘውም። ጥሩ ነገር ነው፤ እየፈተሽን ሰፈር አናጨልምም። ሥራው ሲያልቅ ግን ሪሌዩን ወደ ሥራ መመለስ ግድ ነው። ካልተመለሰ ያያል፣ ይጮኻል፣ ሰሚ ግን የለውም። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ለሁለት ሆነን ዝርዝር እናነባለን። አንዱ ያነባል፤ ሌላው ሄዶ በዓይኑ ተመልክቶ «አየሁ» ይላል።

በሥራዬ አምስተኛ ወር ላይ፣ ከቶተንሃም ብዙ በማይርቅ ጣቢያ፣ ጋሽ በየነ እያነበቡ እኔ እያየሁ ነበር። «ሪሌይ ሦስት ወደ ሥራ ተመልሷል?» አሉ። የመለሱት ራሳቸው ናቸው፤ ላፕቶፑ ላይ ሲጫኑ አይቻለሁ። ቢጫዋ የሙከራ መብራት መጥፋቷን ለማየት ግን በጀርባቸው ዞሬ ወደ ሁለተኛው ረድፍ መሄድ ነበረብኝ። ልሄድ አንድ እግሬን አነሳሁ።

«መልሻለሁ እኮ» አሉ፣ ካፖርታቸውን እየለበሱ።

ቆምኩ። ብሄድ «አላምንዎትም» ያልኳቸው መሰለኝ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው «አድርጌዋለሁ» ካለ አድርጎታል፤ ተከትሎ ቼክ ማድረግ ነውር ነው። ውሃ ቀድቼላቸው፣ ሻንጣቸውን ይዤላቸው፣ በር ከፍቼላቸው የኖርኩ ልጅ ከኋላቸው ሄጄ ላጣራ?

«አየሁ» አልኩ። ሁለታችንም ፈረምን።

በማግስቱ ከሰዓት ማሠልጠኛው ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ እማዬ ደወለች። የምንኖረው ቶተንሃም ነው። «ልጄ፣ መብራት ጠፋብን፤ እናንተ ናችሁ እንዴ?» አለች እየሳቀች። እኔም ሳቅኩ። «እኛ እናበራለን እንጂ አናጠፋም» አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጋሽ በየነ ደወሉ።

«ሶስና፣ ሪሌይ ሦስትን አይተሻታል?»

«ጋሼ፣ እኔ…» ብዬ ጀመርኩ። እሳቸውም ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የተጫኑት ሪሌይ ሦስትን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን አራትን ኖሯል። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ጋ የሚታየው ማስጠንቀቂያም ለእኛ ሥራ ተብሎ ተዘግቶ ገና አልተከፈተም። በማግስቱ መንገድ የሚቆፍር ማሽን ኬብል መታ። ሪሌይ ሦስት በሰዓቱ አየ፣ በሰዓቱ «ቁረጥ» አለ፤ ብሬከሩ ግን «ሙከራ ነው» ብሎ ተወው። ከበላዩ ያለው ትልቁ መከላከያ ጠብቆ ጠብቆ ቆረጠ፤ ሲቆርጥ ደግሞ አንድ መንገድ ሳይሆን ሰፈሩን በሙሉ። ቆፋሪዎቹ እግዚአብሔር ይመስገን አልተጎዱም። እኛ ሕንፃ አሳንሰር ውስጥ ግን አንዲት ጎረቤታችን መንታ ልጆቿን ይዛ አርባ ደቂቃ ቆየች። ልጆቹ ሲያለቅሱ እማዬ በሩ ላይ ተደግፋ ስትዘፍንላቸው ነበር። እስከ ዛሬ ያቺን ሴት ደረጃ ላይ ባገኘኋት ቁጥር ጋሪውን ተሸክሜ አወርድላታለሁ። ለምን እንደሆነ ነግሬያታለሁ።

ዴኒዝ ሁለታችንንም ጠራችን። ከመግባታችን በፊት ኮሪደሩ ላይ ጋሽ በየነ በአማርኛ ቀስ ብለው «ስሚ፣ የተጫንኩት እኔ ነኝ። እኔ መውጫዬ ነው፤ አንቺ ገና መግቢያሽ። ምንም አትበይ» አሉኝ።

ገባን። ዴኒዝ አትጮኽም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ሁለቱን ፊርማዎች አሳየችን። ጋሽ በየነ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ጀመሩ። ዝም ብል ያልፍልኝ ነበር።

«አላየሁም» አልኩ። «አየሁ ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ግን አልሄድኩም፣ አላየሁም።»

«ለምን?» አለች።

ምን ልበላት? «እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው» አልኩ። ዴኒዝ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሳቸውን ተመለከተች። ጋሽ በየነ አንገታቸውን ደፉ።

ለእኔ ሦስት ወር ከጣቢያ መራቅና አንድ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከተደገመ ልምምዱ ያበቃል። እሳቸው እንደ አዲስ ፈተና እንዲቀመጡ ተባለ፤ ያን ሁሉ ዓመት ሠርተው! አብረን ባቡር ውስጥ ገብተን ተቀመጥን።

«ሰው ሲያከብረኝ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። «ዛሬ ግን ፈራሁት። እኔን አክብረሽ ዓይንሽን ጨፈንሽ። እኔ ነኝ ያስጨፈንኩሽ።»

ወደ ጣቢያ የተመለስኩ ዕለት አዲስ ሕግ ይዘው ጠበቁኝ። «በቀን አንድ ጊዜ ሆን ብዬ እሳሳታለሁ። የውሸት ቁጥር አነባለሁ ወይም ያልሠራሁትን ሠራሁ እላለሁ። ዝርዝሩ ሳያልቅ ከያዝሽኝ ያን ከባድ የመፈተሻ ሻንጣ እኔ እስከ መኪናው እሸከማለሁ። ካልያዝሽኝ አንቺ።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሻንጣውን ተሸከምኩ። በሦስተኛው ሳምንት ነቁብኝ።

«ቅድም ሰባት ያልኩት ዘጠኝ መሆኑን አውቀሻል አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«ሻንጣው… ከባድ ነው እኮ ጋሼ። ወገብዎን…»

መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ ሳቃቸው መጣ፣ ከዚያ እንደገና ተቆጡ። «አዘንሽልኝ? ያንቺ ሥራ የኔን ወገብ ማዳን ነው ወይስ ሰፈሩን?» ቅጣቱ ወደ ሻይ ማፍላት ተቀየረ። የተሸነፈ ያፈላል።

አሁንም አፌ እሺ አላለኝም። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል እንጂ፣ ይህቺ ቁጥር ትንሽ…» እላለሁ።

«አማርኛው ረዘመ፤ ኬብሉ ተቃጠለ» ይላሉ። «በሁለት ቃል!»

ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ተለማመድኩ። «ጋሼ፣ ተሳስተዋል። ጋሼ፣ ተሳስተዋል!» እማዬ ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«ማንን ነው እንዲህ የምትዪው አንቺ?»

«ጋሽ በየነን። እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ።»

«እኒህ ሰውዬ ጤነኛ ናቸው?»

የወጣልኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ጆሮዬ እየነደደ «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» አልኩ። ዝርዝሩን አስቀመጡ፤ ተነሱ፤ ሻይ አፈሉልኝ። ሁለት ስኳር ጨምረው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ የጠጣሁት ሻይ ብዛት!

ትልቁ ቀን የመጣው በዚህ ዓመት ነው። አዲስ ዲጂታል ጣቢያ ሊከፈት ነው፤ እኛ ኔትዎርኩን ፈትሸን ልናስረክብ። ደንቡ «ቁረጥ» የምትለዋ መልእክት ከሦስት ሚሊሰከንድ በላይ (ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል ከሦስቱ እጅ በላይ) መንገድ ላይ እንዳትቆይ ነው። እንዲህ ባለ ጣቢያ እያንዳንዱ መልእክት በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይላካል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያደርሳል። ተቀባዩ ቀድማ የደረሰችውን ወስዶ ሁለተኛዋን ይጥላል።

ጋሽ በየነ መስመሩን እንደ ልማዳቸው በብዙ ትርኪ ምርኪ መልእክት አጨናንቀው ሲለኩ ዋሉ። በጣም የዘገየችውም ቢሆን ከገደቡ በታች ናት። ዴኒዝ መጥታለች፣ የደንበኛው ሰዎችም ቆመዋል፣ እስክሪብቶው ወጥቷል። «አልፏል» አሉ ጋሽ በየነ።

እኔ ስክሪኑን አየሁ። ውጤቱ በጣም ያምራል፤ ግን የለካነው ቀድማ የደረሰችውን ብቻ ነው። አንደኛው መንገድ ታሞ ቢሆን እንኳ ሌላኛው እየሸፈነለት አናውቅም። የዕለቱን የውሸት ስህተታቸውን ደግሞ ጠዋት ይዤባቸው ሻይዬን ጠጥቻለሁ። ይሄ ጨዋታው አይደለም። ተሳስቼ ከሆነ በሰው ሁሉ ፊት እሳቸውን አዋርጄ፣ ዴኒዝም ልምምዴን እንድታቋርጥ ምክንያት ሰጥቻት እመለሳለሁ። ልክ ሆኜ ዝም ካልኩ ደግሞ ሌላ ሰፈር ውስጥ ሌላ አሳንሰር አለ።

«ጋሼ፣ ተሳስተዋል» አልኩ።

ቀና አሉ። «የዛሬውን ይዘሽብኛል እኮ።»

«ይሄ ሌላ ነው። ሁለቱን መንገዶች ለየብቻ አልለካናቸውም።»

ዴኒዝ ቋንቋችንን አትሰማም፤ ግን «ምንድን ነው?» አላለችም፤ ጠበቀች። ጋሽ በየነ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ልክ ናት። አልጨረስንም» አሉ።

ሁለተኛውን መንገድ ነቅለን አንደኛውን ብቻውን አስጨነቅነው። ያን ጊዜ ጉዱ ወጣ። መልእክቶቹ ይዘገያሉ፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ አይደርሱም። ምክንያቱን ለማግኘት ቀሪው ቀን ፈጀብን። የግቢው በር ካሜራ አንደኛው መንገድ ላይ ብቻ ተሰክቷል፤ መልእክቶቹን የሚያሳልፈው ስዊች ላይ ደግሞ ለመከላከያ መልእክቶች ቅድሚያ የሚሰጠው ቅንብር ተረስቷል። «ቁረጥ» የምትለዋ መልእክት ከካሜራው ምስል ኋላ ተሰልፋ ተራ ትጠብቅ ነበር! ማስተካከሉ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆነ። ከዚያ ሁለቱንም ለየብቻ እንደገና ለካን፤ እያንዳንዷን ቁጥር ሄጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በዓይኔ አይቼ «አየሁ» አልኩ።

ስንወጣ ዴኒዝ ጠራችኝ። ፈተና ልትቀመጪ ስምሽን አስገባለሁ አለችኝ። ጋሽ በየነ ከኋላ ሆነው «ጓድ ዴኒዝ!» አሉ። ከዚያ ሻንጣውን አንስተው እስከ መኪናው ተሸከሙት። ልቀበላቸው አልሞከርኩም።

ፈተናውን ተቀመጥኩ፤ የቀረውን አውቶቡሱ ውስጥ ነግሬያችኋለሁ።

አሁን መልእክት አድርሺ ተብያለሁ። ጋሽ በየነ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሃርልስደን ውስጥ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን አዳራሽ ፎቅ ላይ ልጆች ሊያስተምሩ ነው። ከአገልግሎት የወጡ ሁለት ሪሌዮች፣ አንድ ስዊችና አንድ ጥቅል ፋይበር ለምነው አግኝተዋል። እኔ አግዛቸዋለሁ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ይምጣ፤ ሴቶች ልጆች በተለይ ኑልኝ፣ ብቻዬን ሰልችቶኛል። ሒሳብ አልችልም የምትሉም ኑ። አማርኛ የማትጽፉም ኑ። ምዝገባ የለም፣ በሩን ገፍታችሁ ግቡ።

ወላጆችም መምጣት ትችላላችሁ፤ ከኋላ ወንበር አለ። አንድ ነገር ብቻ፦ ልጃችሁ እጇን አውጥታ ሽማግሌውን ስትሞግት «ዝም በይ!» ማለት አይቻልም።